ለክቡር መብራት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሦስት ኪሎ የቆሮሶ ዓሣን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛስ እርስዎ ብቅ ባሉ ቁጥር ደህና ነን።

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር ለቅሶ ሄደን ሁለት ሌሊት አደርን። ስንመለስ እርስዎ ቤት ነበሩ። ፍሪዘሩን ብከፍተው ከጣና ዳር የገዛሁት ቆሮሶ ድንጋይ መስሎ ተቀምጧል። እንዴት ደስ አለኝ! እሑድ አማቴ ይመጣሉ፣ ጉላሽ ልሠራ ነው።

እሑድ ሳቀልጠው ሥጋው ልፍስፍስ አለ። ሽታውን ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ይሸፍነዋል ብዬ ቀጠልኩ። (ጥፋቴ ነው። የዓሣ ኪሎ ስንት እንደገባ ግን ያውቃሉ።)

ገበታ ቀረበ። አማቴ ጠቀለሉ። እጃቸው አፍንጫቸው ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ጉርሻዋን ቀስ አድርገው ትሪው ጥግ አስቀመጧትና "ልጄ፣ ለእኔ ሽሮ ይበቃኛል" አሉ። የቀረው ሰው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። ባለቤቴ ጣሪያ ያያል። አማቴ ያደጉት ዘጌ ነው። "እኛ ቤት እኮ ፍሪጅ የለም፤ ዓሣ የምንበላው በተያዘበት ቀን ነው" አሉኝ፣ ሊያጽናኑኝ። ምነው በሰደቡኝ!

ማታ ጎረቤቴ ነገረችኝ። ለካ እርስዎ ሐሙስ ጠዋት ሄደው አርብ ማታ ነው የተመለሱት። የቀለጠውንም ትንፍሽ ሳይሉ መልሰው አቀዘቀዙት! ፍሪጅ በሩ ካልተከፈተ ለ4 ሰዓት ያህል ይታገሣል። ጢቅ ያለ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ የሞላ 24። የእኔ ሩብም አይሞላም፤ ጢቅ ማድረግ ደመወዝ ይጠይቃላ። ቅዝቃዜ ደግሞ ጀርምን ያስተኛዋል እንጂ አይጨርሰውም። ሲሞቀው ይነቃል፣ ከተመቸው በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። አንዳንዱ የሚተወውን መርዝ ቀቅለውም አያጠፉት።

ልጄ ግን ድስቱ ሳይወጣ ቀምሳ ነበር። አራት ዓመቷ ነው። ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት አደረ፤ ቧንቧውም ደርቋል። ሲነጋ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ተሰለፍን። "ሲስተም የለም" አሉን። ለምን እንደሌለ ታውቃለህ? አንተ ስለሌለህ ነው! የዛለች ልጅ ታቅፌ ሁለት ሰዓት የቆምኩት በአንተ ነው! እሄዳለሁ ብለህ ብትናገር ምን ነበረበት? ዓሣውን ራሴ እጥለው ነበር።

ይቅርታ፣ እርስዎ። ልጅቷም ኦአርኤሷን እየጠጣች ተሽሏታል።

እንጀራው ምጣድ ላይ ዓይን ሳያወጣ ጥለውኝ የሄዱበትን አላነሳም። በለስ ማመንጫ ላይ 460 ሜጋ ዋት የሚመነጨው በእኛው በጣና ውኃ መሆኑንም እንዲሁ።

አሁን ግን ሰላይ ቀጥሬብዎታለሁ። አንድ ስኒ ውኃ በረዶ አደረግሁና ላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀመጥሁ። እርስዎ ሄደው በረዶው ከቀለጠ ሳንቲሙ ይሰምጣል። መልሰው ቢያቀዘቅዙትም ከታች ይገኛል፣ መካድ የለም።

ትናንት ከሥራ ስመለስ እርስዎ ቤት ነበሩ፣ ፍሪጁ ያጓራል። ስኒውን አነሣሁ። ሳንቲሙ ላይም አይደለም፣ ታችም አይደለም፤ ወገቡ ላይ ቆሟል። አጠገቡ አንድ ኪሎ ሥጋ አለ። ይጣል ወይስ ይበላ የሚለውን በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአማቴ፣ ዘጌ