የውጭ ገንዘብ የሚወስድ የጥናት ተቋም ነጻ ነው ሊባል ይችላል?

የፖሊሲ ጥናት ተቋም ሥራው መንግሥት ያወጣውን ወይም ሊያወጣ ያሰበውን ፖሊሲ መመርመር፣ መረጃ መሰብሰብ፣ ያገኘውንም ለባለሥልጣኑም ለሕዝቡም ማሳወቅ ነው። ነጻ ለመባል ከመንግሥት በጀት መራቅ አለበት። አገር ውስጥ ሌላ ገንዘብ የሚሰጥ ደግሞ ስለማይገኝ አብዛኛው ከውጭ ለጋሽ ይወስዳል። ታዲያ ነጻነቱ የት ላይ ነው? ሁለት ሰዎች ተከራክረውበታል። አንዷ ገጠር ወርዳ መረጃ ስትሰበስብ ቆይታ አሁን ተመራማሪ ሆናለች። ሌላው ለጥናት ተቋማት ከለጋሽ ገንዘብ የሚጠየቅበትን ፕሮፖዛል በመጻፍ ብዙ ዓመት ያሳለፉ ናቸው።

ነጻ ነው የምትለው

እኔ ከጋምቤላ ልጀምር። በ2003 ዓ.ም. ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ እዚያ 100 ሺህ ሄክታር መሬት ለ50 ዓመት ተከራየ። ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር። ያኔ የመንግሥት አቋም ሰፋፊ እርሻ ምግብም የውጭ ምንዛሪም ያመጣል የሚል ነበር። በዚያው ሰሞን ማኅበራዊ ጥናት መድረክ የተባለው የጥናት ተቋም የተመራማሪውን የደሳለኝ ራህመቶን ጥናት አሳተመ። ጥናቱ የመሬት ውሎቹን መረመረ። ኪራዩ ርካሽ እንደሆነ፣ ነዋሪው እንዳልተማከረ፣ መንግሥትም ባለሀብቶቹን ለመቆጣጠር አቅም እንደሌለው በግልጽ ጻፈ። በታህሳስ 2008 ዓ.ም. መንግሥት ራሱ የካሩቱሪን ውል ሰረዘ። ምክንያቱ ኩባንያው ያለማው 1,200 ሄክታር ብቻ ነው የሚል ነበር።

ያን ጥናት ያወጣው ተቋም የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው በውጭ ለጋሾች ገንዘብ ነው። ገንዘቡ አፉን ዘጋው? አልዘጋውም። በዚያን ጊዜ በመንግሥት በጀት የሚተዳደር ተቋም ይህን ጽፎ ያሳትም ነበር ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ልስማው።

‹‹የውጭ ገንዘብ የወሰደ ስለ አገሩ አያገባውም›› የሚለው ሐሳብ ደግሞ አንዴ ሕግ ሆኖ አይተነዋል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ ከ12 ቅርንጫፎቹ 9ኙን ዘጋ። አገር ውስጥ ያለው ገንዘብ ክፍተቱን ሞላው? አልሞላውም። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪተካ ድረስ አሥር ዓመት ዝም ተባለ። እኔን የሚያሳስበኝ ያ ዝምታ ነው።

ነጻ አይደለም የሚሉት

እህቴ፣ 621ን እኔ ላይ አትጫኚብኝ። ያ አዋጅ መጥፎ ነበር፤ ያኔም ተቃውሜዋለሁ። ሕግ ይከልክል አላልኩም። እኔ የምለው ተቋሞቻችን ራሳቸው ‹‹ነጻ ነን›› ከማለታቸው በፊት ገንዘቡ ምን እንዳደረጋቸው ይመልከቱ ነው።

ለጋሽ ጥናትሽን አንብቦ ‹‹ይህን መስመር አውጪ›› አይልሽም። እንደዚያ ያለ ብዙም አልገጠመኝም። እሱ የሚመርጠው ጥያቄውን ነው። አንድ ጊዜ ስለ ማዳበሪያ ዕዳ ማጥናት ፈለግን። ገበሬው ማዳበሪያውን በዱቤ ይወስዳል። ዝናቡ ይቀራል፤ ዕዳው ግን አይቀርም። በሬ የሸጠ አለ። ልጁን ከትምህርት ያስቀረ አለ። የወረዳ ሰዎች ሳይቀሩ አጥኑልን ብለውን ነበር። ለጋሹ በዚያ ዓመት ፕሮፖዛል አቅርቡ ብሎ ያወጣው ጥሪ ግን ስለ አየር ንብረት ለውጥ ነበር። ስለዚህ ርዕሱን ቀየርን። የማዳበሪያው ዕዳ በመጠይቁ መጨረሻ አካባቢ ሦስት ጥያቄ ሆኖ ገባ። ሪፖርቱ ሲወጣ አንድ አንቀጽ አልሞላም። ማንም አልከለከለንም። ማንም አላስፈራራንም። የገበሬው ጥያቄ ግን ሳይጠና ቀረ።

ይህን በየዓመቱ አስቢው። ሥርዓተ ፆታ የሚል ጥሪ ሲመጣ ሁሉም ወደዚያ ይሄዳል። በቀጣዩ ዓመት ፍልሰት ይሆናል፣ ከዚያ ዲጂታል ይመጣል። ጉዳዮቹ የማይረቡ ናቸው እያልኩ አይደለም። ቅደም ተከተላቸውን የሚያወጣው ግን አዲስ አበባ ወይም ደብረ ማርቆስ የተቀመጠ ሰው አይደለም።

ደግሞ ገንዘቡ የሰው ነውና በሰው ፊርማ ይቆማል። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሚባለውን ታውቂዋለሽ። በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ተካሂዷል። ስንት ሕፃን አምስት ዓመት ሳይሞላው እንደሚሞት፣ ስንቱ እንደቀነጨረ ያወቅነው ከእሱ ነው። መረጃውን የሰበሰበው የእኛው ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ነው፤ ዓለም አቀፉን ፕሮግራም በገንዘብ የያዘው ግን የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ዋሽንግተን ላይ ተወሰነና ፕሮግራሙ ቆመ። ከጎንደርም ከጅማም የተጠየቀ ሰው የለም።

ነጻ ነው የምትለው

ጋሼ፣ የማዳበሪያው ነገር እውነት ነው። እኔም አይቼዋለሁ። ግን እስቲ ወደ ቤቱ ደጃፍ ልውሰድዎት።

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ መረጃ ስንሰበስብ የቀበሌ የትብብር ደብዳቤ ይዘን ነው የምንሄደው። ያለሱ ማንም አያናግረንም። ቤቱን የሚያሳየን የልማት ሠራተኛው ነው፤ አንዳንዴም ሚሊሻ አብሮ ይመጣል። ባለቤቱ አጎዛ አንጥፎ ያስቀምጠናል፣ ጠላ ይቀዳል። ከዚያ ‹‹ስንት ጥማድ መሬት አለዎት?›› ስል መጀመሪያ የሚያየው እኔን አይደለም፤ የልማት ሠራተኛውን ነው። ‹‹ሦስት›› ይላል። ሠራተኛው ስልክ ሊያወራ ወጣ ሲል ‹‹ልጄ፣ አራት ናት፤ ግብሩን ፈርቼ ነው›› ይለኛል። ማዳበሪያውን ወዶ እንደወሰደ ስጠይቀውም እንደዚያው ነው። አብሮን የተቀመጠው ሰው ሲለወጥ መልሱ ይለወጣል።

እኔ ነጻነት የምለው እዚህ ጋ ነው። ያ ገበሬ ገንዘቡ ከኦስሎ ይምጣ ከለንደን አይጨንቀውም። እሱን የሚጨንቀው መልሱ ወደ ቀበሌ ይመለስ አይመለስ ነው። ስለዚህ ቡድናችን የልማት ሠራተኛውን ‹‹ቤቱን ካሳዩን በኋላ እባክዎ ይተዉን›› ማለት ጀመረ። ይህን ለማለት አቅም የሰጠን በመንግሥት በጀት አለመተዳደራችን ነው። በመንግሥት በጀት ብንሄድ ኖሮ የልማት ሠራተኛው ባልደረባችን ይሆን ነበር።

የአገር ውስጥ ባለሀብት ይስጥ እንደሚሉ አውቃለሁ። ማን ነው የሚሰጠው? ብሔራዊ ባንክ ከሚያዝያ 2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ባንኮች ብድር በሰጡ ቁጥር የብድሩን 27 በመቶ የሚያህል ቢል፣ ማለትም ብሔራዊ ባንኩ የሚያወጣውን የዕዳ ሰነድ፣ እንዲገዙ አስገድዶ ነበር። የቢሉ ወለድ መጀመሪያ ላይ 3 በመቶ ነው። ባንኮቹ ለቆጣቢ የሚከፍሉት ደግሞ ቢያንስ 5 በመቶ። እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. ድረስ በዚህ ኪሳራ ኖረዋል። ባንኮቹ በየስብሰባው አቤት ብለዋል። ይህን መመሪያ የሚተች ጥናት ላስጠና ብሎ በስሙ ገንዘብ የሚያወጣ ባንክ ግን ነበር? ፈቃዱን የሰጠው ያው ብሔራዊ ባንክ ነው!

ደግሞ የመንግሥቱም ተቋም ከውጭ ገንዘብ አልራቀም። የኢትዮጵያ ልማት ምርምር ኢንስቲትዩትን ይመሩ የነበሩት የጠቅላይ ሚኒስትሩ የኢኮኖሚ አማካሪ አቶ ነዋይ ገብረአብ ነበሩ። ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር ይሠሩት የነበረው ፕሮግራም የዩኤስኤይድ ገንዘብ ነበረበት። ለመንግሥት ሲሆን የተፈቀደ፣ ለእኛ ሲሆን ነውር ይሆናል?

ነጻ አይደለም የሚሉት

የባንኩን ነገር መልስ የለኝም፤ ልክ ነሽ። ግን ፍርሃታችን የውጭውን ገንዘብ ንጹሕ አያደርገውም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላል ያገሬ ሰው፣ ይህ ደግሞ የእኛ ድህነት ያመጣው ነገር ብቻ አይደለም። ዋሽንግተን ያለው ብሩኪንግስ እ.ኤ.አ. በ1916 የተመሠረተ፣ የራሱ ቋሚ ሀብት ያለው ትልቅ የፖሊሲ ጥናት ተቋም ነው። እሱም እ.ኤ.አ. በ2013 ከኳታር መንግሥት የአራት ዓመት 14.8 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ። በቀጣዩ ዓመት ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ትልቅ ጥያቄ ተነሳ። ያ ሁሉ ሀብት ያለው እንዲህ ከተጠረጠረ፣ በየሁለት ዓመቱ ፕሮጀክት ሲያልቅ ሠራተኛ የሚቀንሰው የእኛ ተቋም ምን ይባል?

እኔ ሌላ መንገድ አለ እላለሁ። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበርን ተመልከቺ። የለጋሽ ገንዘብ አልተጠየፈም፤ ግን አባላት አሉት፣ አባላቱ መዋጮ ይከፍላሉ፣ አመራሩን ይመርጣሉ። ሲኤምሲ መንገድ ላይ የራሱ ሕንጻ አለው። ፕሮጀክት ቢቋረጥበት በማግስቱ ቤት አልባ አይሆንም። ሌሎቹስ ለምን እንደዚህ አያስቡም? የመምህሩም የወታደሩም ደመወዝ የገባበት የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ማዋጣት የማይችል ሕዝብ አይደለም።

ነጻ ነው የምትለው

ግድቡ ላይ አንድ ነገር ይስተካከል። ብዙ ሰው ከልቡ ሰጥቷል፤ እኔም ቦንድ ገዝቻለሁ። ግን ያሰባሰበው መንግሥት ነው፣ የብዙ ሠራተኛ ቦንድም በመሥሪያ ቤት በኩል ከደመወዝ እየተቆረጠ የተከፈለ ነው። መንግሥትን ለሚተች ጥናት ከደመወዜ ይቆረጥ ብሎ የሚፈርም ሠራተኛ ሲበዛ ያኔ እንነጋገር።

በአንድ ነገር ግን እስማማለሁ። ጥያቄውን ማን እንደመረጠው ይታወቅ። ሁሉም ተቋም ከለጋሽ ጋር የተፈራረመውን ውል ከጥናቱ ጋር ያትም። ስንት ብር፣ ለምን ርዕስ፣ ሪፖርቱን ሳይታተም የማየት መብት ያለው ማን እንደሆነ ሁሉም እዚያ ላይ ይታያል። አንባቢው ይፍረድ። ማተም የሚከለክል አንቀጽ ያለበት ውል ላይ አልፈርምም፤ ለጋሹ መንግሥትም ይሁን ፈረንጅ።

ነጻ አይደለም የሚሉት

ውሉ ይታተም፣ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ይጨመርበት። ከእያንዳንዱ ፕሮጀክት ላይ የተወሰነ ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጥ። በእሱ የሚጠናውን ለጋሹ ሳይሆን የተቋሙ ጠቅላላ ጉባኤ ይምረጥ። የዚያ የማዳበሪያ ዕዳ ጥናት በእንዲህ ያለ ገንዘብ ተሠርቶ ሳየው ‹‹ነጻ›› የምትዪውን ቃል አብሬሽ እጽፋለሁ። እስከዚያው አልፈርምም።