ዘፋኝ የሌለበት አልበም ማን ይሰማል?

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ኢንዲ ሙዚቃ (ከትልልቅ አሳታሚዎች ውጪ የሚሠራውን) የሚወዱ ልጆችን አንድ ነገር አደንቅላቸዋለሁ። አልበም ከገዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰሙታል። ሸክላውን ገልብጠው ሁለተኛውንም ገጽ ያስጨርሳሉ፤ ቤዝ የተጫወተው ማነው፣ የት ተቀዳ እያሉ የሽፋኑን ጀርባ ያነባሉ።

ከፈረንጆቹ አንድ ምረጥ ብባል የቦን ኢቨርን የመጀመሪያ አልበም «ፎር ኤማ፣ ፎርኤቨር አጎ»ን እመርጣለሁ። ቦን ኢቨርን የመሠረተው ዘፋኝ ጀስቲን ቨርነን ክረምቱን ዊስከንሰን ጫካ ውስጥ ባለች የአባቱ ጎጆ ከርሞ፣ አብዛኛውን ብቻውን ቀድቶ፣ በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ራሱ አወጣው። የገዛ ድምፁን እየደራረበ ብቻውን መዘምራን ሲሆን ሆድ ያባባል።

ግን እኮ የኛው ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ከ20 ዓመት በላይ ቀድመውታል! ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ መጥተው የቀሩት ጋሽ ኃይሉ በ1985 አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ይዘው «ሸሞንሟናዬ»ን ያለ ዘፋኝ ብቻቸውን ሠሩ። አኮርዲዮኑ የድሮውን ዜማ ያንቆረቁራል፣ ከሥሩ ማሽኑ ሳይደክም ይመታል። ካሴቱ ከጊዜ ጋር ተረሳ። እሳቸው እዚሁ ዋሽንግተን ታክሲ ነዱ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር አገኘና በ2013 በራሱ ትንሽ አሳታሚ ድርጅት እንደገና አወጣው። ከዚያ በኋላ ነው መድረክ ለመድረክ የዞሩትና በ2018 «ላላ በሉ»ን የሠሩት።

ይሄ ደስም ይለኛል፣ ያንገበግበኛልም። ያን ሁሉ ዘመን ይህቺው ከተማ በኛ ሰው ተሞልታ ነበር። አገር ቤት ጆሮ የለም እያልኩ አይደለም፤ አዝማሪ ቤት ግጥም እየሰጠ የሚያዘፍን ሕዝብ ጆሮ የለውም አይባልም። ግን ጆሯችን ያለው ግጥሙ ላይ ነው። ዘፋኝ የሌለበትን ሙዚቃ የሬዲዮ ማስታወቂያ ማጀቢያ አድርገነው ቀረን። በዚያ ላይ አሁን ሁሉም በዩቲዩብ ነጠላ ዜማ ሆኗል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለየት ያለ ድምፅ የሚሞክር ልጅ ሙሉ አልበም ሠርቶ ለማን ይሽጥ?

ለነዚያ ኢንዲ ወዳድ ልጆች አንድ አልበም ብልክላቸው «ሞአ አንበሳ»ን ነው፤ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ በ2006 ከሆላንዱ የፓንክ ባንድ ዘ ኤክስ ጋር የሠሩትን። ሰባ ዓመት በሆናቸው ጊዜ፣ ጊታሮቹ እየጮሁ፣ በሳክስፎን ሽለላና ፉከራ ያወርዱበታል። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ፣ ሳትዘሉ ስሙት።