ዋሽንግተን ያረፈው እንግዳ

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሆሊዉድ የሠራቸውን ከሌላ ዓለም ስለሚመጡ ፍጡራን የሚተርኩ ፊልሞች፣ እዚህ ያደጉ ልጆቻችን «በገመድ የተንጠለጠለ ሳህን» ብለው ሲያልፏቸው ያሳዝነኛል። ዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ከእነርሱ የሚቀርብ የአሜሪካ ሥራ ጥቂት ነው ባይ ነኝ።

በ1951 የወጣውን «ምድር ቀጥ ያለችበት ቀን» የተባለውን የሮበርት ዋይዝን ፊልም እንመልከት። በራሪው ሳህን የሚያርፈው በዚችው ከተማ፣ ከዋይት ሐውስ ብዙ በማይርቅ ሜዳ ላይ ነው። ክላቱ የተባለው እንግዳ ስጦታ ይዞ ወርዶ እጁን ሲዘረጋ፣ የደነገጠ ወታደር ተኩሶ ያቆስለዋል። ከሆስፒታል ካመለጠ በኋላ የሚያደርገው ነገር ነው ልቤን የሚነካው፤ ስሙን ቀይሮ እንደማንኛውም አዲስ መጤ ክፍል ይከራያል። በቁርስ ገበታ ላይ ተከራዮቹ ስለዚያ አስፈሪ ፍጡር ሲያወሩ፣ እርሱ ከመካከላቸው ተቀምጦ ያዳምጣል። አንዲት ሴት እንዲያውም ሰውየው ከሰማይ ሳይሆን ከዚሁ ከምድር የመጣ ነው ትላለች፤ ሶቪየቶችን ማለቷ ነው። የስደተኛ ክርክር በተጋጋለ ሰሞን፣ በሥራ ቦታው የምሳ ጠረጴዛ ላይ አንገቱን ደፍቶ የበላ ሐበሻ ይህን ትዕይንት ማንም ሳያብራራለት ይረዳዋል።

አገር ቤት «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ያለ መንገደኛ እግሩ ታጥቦ፣ እራት ቀርቦለት፣ ከዚያ በኋላ ነበር አገሩ የሚጠየቀው። ይህ ወግ ዛሬም ያለበት ቤት ብዙ ነው። ነገር ግን መንገድ ላይ ውኃ ሳይሰጠው አስቀድሞ «ከየት ነህ?» የሚባል መንገደኛ እንዳለ ስሰማ ያመኛል። አሜሪካኖቹ የፈሩት የማያውቁትን ነው፤ እኛ ግን የምናውቀውን ወገናችንን ነው የምንፈራው።

ይህን ሁለተኛውን ፍርሃት የሚያሳይም ፊልም አላቸው። በ1956 በወጣው «የአካል ነጣቂዎች ወረራ» በተባለው የዶን ሲገል ሥራ፣ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ቦታቸውን ሲወስዱ የአንዲት የካሊፎርኒያ ትንሽ ከተማ ነዋሪዎች መልካቸውና ድምፃቸው ሳይለወጥ ስሜታቸው ይጠፋል። አንዲት ሴት ያሳደጋትን አጎቷን እያየች «እርሱ አይደለም» ትላለች። ገሚሱ ተመልካች ኮሚኒዝምን፣ ገሚሱ ደግሞ ሴናተር ማካርቲ ኮሚኒስት እያደነ ያጋጋለውን የጥርጣሬ ዘመን አይቶበታል። በቀይ ሽብር ጊዜ ትናንት ቡና ያጣጣው ጎረቤት ሊጠቁመው እንደሚችል እያሰበ ያደረ ሰው ግን ከሁለቱ መምረጥ አያስፈልገውም።

ወደ ክላቱ ልመለስ። መልእክቱ ለሁሉም ደኅንነት ከሌለ ለማንም ደኅንነት የለም የሚል ነው። በ1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር ያሰሙት አቤቱታ ፍሬ ነገሩ ከዚህ ይለያል? ፊልሙ በወጣበት ዓመትም የቃኘው ሻለቃ በዚሁ የጋራ ደኅንነት መርሕ ስም ኮሪያ ውስጥ እየተዋጋ ነበር። ሆሊዉድ ለአሜሪካውያን በሰማይ ሰው አፍ የነገራቸውን፣ የእኛ ሰዎች በደማቸው ከፍለውበታል።

አንዳንድ አሜሪካውያን ወዳጆቼ የፊልሙን ፍጻሜ አይወዱትም። ክላቱ የእርሱ ዓለማት ሰላማቸውን ወራሪን ያለ ምሕረት ለሚቀጡ ሮቦቶች እንደሰጡ ይናገራል፤ ምድርም ጠቧን ወደ ሕዋ ካወጣች እንደምትጠፋ ያስጠነቅቃል። ይህ በማስፈራራት የተገኘ ሰላም ነው ይላሉ። እውነት አላቸው፤ እኔም ሮቦት እንዲገዛኝ አልፈልግም። ሆኖም የመንግሥታቱ ማኅበር ሕግ ነበረው፤ ጣሊያን ወራሪ መሆኗንም አውጇል። የጣለባት ማዕቀብ ግን ነዳጅን እንኳ አልነካም፤ አውሮፕላኖቿም በሰሜን ግንባር የመርዝ ጋዝ ሲያዘንቡ የሚያስቆማቸው ኃይል አልነበረም። ስለዚህ ከክላቱ ጋር የመጣው ያ ዝምተኛ ሮቦት ከሳህኑ ደጃፍ ቆሞ ስመለከተው፣ ወዳጆቼ በሚጠሉት መጠን ልጠላው አልቻልኩም።