ያልደረስነው ለቅሶ

ጎረቤቶቼ፣ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከእናንተ ተሽዬ አይደለም። በግቢያችን ውስጥ የተደረገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እስካሁን ግን በስሙ የጠራው ሰው አልሰማሁም።

አራት ኪሎ አጠገብ በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባልም ሚስትም ሥራ የሚውሉበት አንድ ቤት አለ። የሁለት ዓመት ልጃቸውን የምትይዝላቸው ከወሎ ገጠር የመጣች፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። ባለፈው ክረምት ቤታቸውን በስልክ የሚያሳያቸው ስማርት ካሜራ ገዙና እንድገጥምላቸው ጠሩኝ። የኮምፒውተር መምህር ነኝና ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሳሎን ቡፌው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ ጎን አስቀመጥኩት፤ ከዋይፋዩ ጋር አገናኘሁት፤ እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ በተሰማው ቁጥር ስልካቸው ላይ መልእክት እንዲልክ አስተካከልኩት። ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የይለፍ ቃል ሳይቀይሩ እንዳያድሩም አጥብቄ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ከ60 የሚበልጡ የተለመዱ የመግቢያ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን ብቻ እየሞከረ በየአገሩ ስንቱን ካሜራና ራውተር እንደማረከ፣ በእነሱም አማካይነት ታላላቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት እንዳስቆመ፣ ቡና እየጠጣሁ አስረዳኋቸው። ቡናውን ያፈላችው ልጅቷ ናት። ሲኒ ልታነሣ ስትመጣ ቡፌውን አየችና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሰዓት ነው?» አለችኝ።

«የኢንተርኔት ዕቃ ነው፣ አትንኪው» አልኳት።

አልነካችውም። በየማለዳው ቡፌውን ስትወለውል ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ እያነሣች፣ እሱን ግን ዙሪያውን ብቻ በጨርቁ ጫፍ እየጠረገች እንደምታልፍ ኋላ ከተቀረጸው ላይ አይቻለሁ።

ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ ስልክ ተደወለላትና እናቷ ማረፏ ተነገራት። ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። ወደ ጓዳ ገባችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ተመለሰች። ከሶፋው ሥር ቁጭ አለች፤ ሕፃኑ እንዳይነቃባት የነጠላዋን ጠርዝ አፏ ላይ ይዛ፣ ደረቷን በዝግታ እየመታች ማልቀስ ጀመረች። እንደ አገሯ ወግ የእናቷን ስም እየጠራች ሙሾ ታወርድ ነበር፤ ቃሉ ግን ከነጠላው አልፎ አይለይም። «በቃሽ» ብሎ የሚይዛት፣ ፊቷን የምትታጠብበት ውኃ የሚያቀርብላት ሰው አልነበረም። ለቅሶዋን የሰማው እኔ ያስቀመጥኩት ዕቃ ብቻ ነው፤ እሱም እንደታዘዘው መልእክቱን ላከ።

አሠሪዋ መልእክቱ የደረሳት መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ነው። ደውላ «ምን ሆንሽ?» ብትላት ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። እሷ ግን 52 ሴኮንድ ያህሉን ቆርጣ ለብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ላከችው፤ ከሥሩም «ልጄን ለማን ትቼ ነው የምውለው?» ብላ ጻፈች። የመጀመሪያው ሰው «ዛር ነው» አለ። ሁለተኛው ጸበል አዘዘ። ከዚያ በኋላ የሳቅ ምልክት ተደረደረ። በዚያ ግሩፕ ውስጥ የተዘቀዘቀ ነጠላ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አንድ ሰው ካለ ወጥቶ ይናገር! ለአንዱ ነዋሪ የሩቅ ዘመድ እንኳ ዕድሩ ድንኳን የሚተክልበት፣ ወንበር የሚወጣበት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው የማይጠፋበት ግቢ ነው። የዚህችን ልጅ እናት ለቅሶ ግን በየኪሳችን ይዘን ዞርን፤ ለእኅቶቻችንና ለጓደኞቻችን አስተላለፍነው።

ስለ እኔም ልናገር። ቪዲዮውን ያየሁት ከፒያሳ ወደ ቤት ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር፤ ምስሉ ጥርት ብሎ ስለታየ ቦታውን በደንብ መርጫለሁ አልኩ። እናቷን ያጣች ልጅ ወለል ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ እያየሁ፣ ያሰብኩት ስለ ካሜራው አቀማመጥ ነበር። የሳቅ ምልክት አላስቀመጥኩም፤ ነገር ግን «ይህቺ ልጅ እኮ ሐዘን ደርሶባታል» ብዬም አልጻፍኩም። ስልኬን ኪሴ ከተትኩና ወረድኩ።

በማግስቱ ማለዳ ዳቦ ልትገዛ ስትወርድ በር ላይ የቆሙ ጎረምሶች ደረታቸውን እየመቱ አስመሰሉባት። ምን እንደሆነ ሲቸግራት ጥበቃው ስልኩን አውጥቶ አሳያት። ወደ ላይ ተመለሰች፤ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ልብሷን በፌስታል ሸከፈች። ቅዳሜ ስለነበር አሠሪዋ መኝታ ቤት ነበረች። ሕፃኑ ቀሚሷን ይዞ ሲከተላት አንሥታ ሳመችውና እናቱ ወዳለችበት ክፍል አስገባችው። ከዚያ ቡፌው ፊት ቆመች፤ ያንን ዕቃ ፊት ለፊት ስታየው ያኔ የመጀመሪያዋ ነው። ያኔም እንኳ አልነካችውም። ፌስታሏን አንሥታ ወጣች።

ይህን መተው ያቃተኝ የማስተምረው ትምህርት ይኸው በመሆኑ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ማርክ ዋይዘር እ.ኤ.አ. በ1991፣ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሳለ፣ ኮምፒውተር ከዓይን ተሰውሮ በቤት ዕቃና በግድግዳ ውስጥ የሚኖርበትን ዘመን ሲተልም፣ በዚያው ጽሑፉ ውስጥ በየክፍሉ ሰውን የሚከታተሉ መሣሪያዎች ለጨቋኝ ምን ያህል እንደሚመቹ ሥጋቱን አስፍሯል። በእነዚያው ዓመታት እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ በሚገኘው የኦሊቬቲ ቤተ ሙከራ፣ በየ15 ሴኮንዱ ለዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ምልክት እየላከ ሠራተኛው የትኛው ክፍል እንዳለ የሚናገር ባጅ ተሠርቶ ነበር። ባጁን ደረታቸው ላይ ያደረጉት የሠሩት ተመራማሪዎች ራሳቸው ናቸው፤ ምን እንደሚናገርባቸው ያውቁ ነበር፤ ያልፈለገም አውልቆ መሳቢያ ውስጥ መተው ይችል ነበር። ልጅቷ ምን ታውልቅ? ሰዓት መስሏት ነበር፤ ጠየቀችኝም፤ መልሱን የከለከልኳት እኔ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ሞግዚቶችን ያነጋገሩ ተመራማሪዎች፣ ካሜራ ባለበት ሰው ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ለመቃወም ያለው ዐቅም ከአሠሪው ጋር እንደማይስተካከል ጽፈዋል። ጽሑፉን አውቀዋለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ግን የይለፍ ቃል ብቻ ይዤ ወጣሁ፤ ከሩቅ አገር ሌባ የምጠብቀው ቤት ነበረኝ፤ አጠገቤ ሲኒ የምታነሣዋን ልጅ ከማን እንደምጠብቅ አላሰብኩም።

ሕግ አላጣንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ለማንኛውም ሰው የግል ሕይወቱን የማስከበር መብት ይሰጣል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ዳኛ እስኪጠራን መጠበቅ ግን አይገባንም ነበር። ልጅቷ በፊታችን እያለቀሰች ነበርና።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ካሜራም ሆነ ድምፅ የሚሰማ ዕቃ ቤታችሁ ስታስገቡ፣ ገመዱ ከመሰካቱ በፊት አብራችሁ የምትኖረዋን ልጅ ጥሩና ስልካችሁን ከፍታችሁ አሳዩዋት፤ ራሷን በስክሪኑ ላይ ትይ። የት ድረስ እንደሚያይ፣ ድምፅ ይቅረጽ አይቅረጽ፣ ማን ማን እንደሚከፍተው ንገሯት። የምትተኛበት ክፍልና ልብስ የምትቀይርበት ቦታ አይታይ። የቀረጸውንም ለሰው አትላኩ፤ ሲደርሳችሁም አታስተላልፉ፣ ዝምም አትበሉ። የእኔ ዝምታ ከሳቃችሁ አልተሻለም።

ከኅዳር ወዲህ ግጠምልን የሚሉኝን ይህን ሳያደርጉ አልገጥምላቸውም። አንዱ «ካወቀችማ ምን ጥቅም አለው?» አለኝ፤ ጠመንጃ መፍቻዬን ይዤ ወጣሁ። ሌላዋ እናት ግን ሠራተኛዋን ጠርታ ስልኩን እጇ ላይ ሰጠቻት። ልጅቷ ራሷን ስታይ አፈረች፤ ቀጥላም ወጥ ቤቱ ይታይ እንደሆነ ጠየቀችና እንደማይታይ ስታረጋግጥ ወደ ሥራዋ ሄደች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

አሠሪዋ ቪዲዮውን አጥፍታለች፤ አልቅሳም ነግራኛለች። እኛ ግን ስንቱ ስልክ ውስጥ እንዳስቀረነው እንጃ። በዚህ ወር ለልጅቷ ለቅሶ መድረሻ እንዲሆን በየበሩ እያንኳኳሁ ገንዘብ ጠይቄ 11 ቤት ሰጠኝ፤ አንዳንዱ በር ሳይከፈትልኝ ቀረ። የቀረ ደመወዟም ተጨምሮበት በፖስታ ታሽጎ እኔ ዘንድ ተቀምጧል። ስልኳ አይነሣም። ዘመዷ የምትሆን አንዲት ሴት ካዛንቺስ አካባቢ እንጀራ ትጋግራለች ብሎ ጥበቃው ነግሮኛል፤ እሁድ ልፈልጋት እሄዳለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ካለ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ እጠብቃለሁ።