ማኪንሌይን ያወደሱት የስኳሩን ታሪክ ዘለሉት

ፕሬዝዳንት ትራምፕ የዴናሊን ተራራ ስም ወደ ማኪንሌይ በመለሱበት ትዕዛዝ ላይ የአላስካ ሰዎች የሚሉትን ብለዋልና ስለ ስሙ የምጨምረው የለኝም። እኔን ያስቆጣኝ ለስያሜው የተሰጠው ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 የተፈረመው ሰነድ ሃያ አምስተኛውን የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ዊልያም ማኪንሌይን የሚያወድሰው በቀረጥ የአገሩን ኢንዱስትሪ በመጠበቁ፣ ስፔንን በማሸነፉና የአሜሪካን ግዛት በማስፋቱ ነው። ቀረጡ ለብቻው፣ ግዛቱም ለብቻው፣ ምንም ዝምድና እንደሌላቸው ሁለት የክብር ኒሻኖች ተደርድረዋል። ይህን የጻፈ ሰው ወይ ታሪኩን አያውቅም፣ ወይ አንባቢው አያውቅም ብሎ ንቆታል።

ቀረጡንና ግዛቱን የሚያስተሳስረው ክር ስኳር ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናትም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ያኔ ራሷን የቻለች መንግሥት የነበረችው ሃዋይ በ1875 ከአሜሪካ ጋር በገባችው የንግድ ውል ስኳሯን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ታስገባ ነበር፤ በዚህ ውል የበለጸጉት ደግሞ በአብዛኛው የአሜሪካ ሚስዮናውያን ልጆችና ነጋዴዎች የሆኑት የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች ነበሩ። በ1890 ያኔ የኮንግረስ አባል በነበረው ማኪንሌይ ስም የሚጠራው የቀረጥ ሕግ ወጣ። ሕጉ በብዙ ሸቀጦች ላይ ቀረጡን ሰማይ ሲያደርስ በጥሬ ስኳር ላይ የነበረውን ግን ለዓለም ሁሉ አነሣ፤ በምትኩም ለአሜሪካውያን አምራቾች በያንዳንዱ ፓውንድ ሁለት ሳንቲም ድጎማ ሰጠ። የሃዋይ ብልጫ በአንድ ፊርማ ጠፋ፤ የስኳር ዋጋ ወደቀ፤ ከበርቴዎቹም ድጎማውን የሚያገኙት መሬታቸው የአሜሪካ መሬት ሲሆን ብቻ መሆኑን ለማስላት የሒሳብ ሊቅ አላስፈለጋቸውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የዚያ ሒሳብ ውጤት ነው። በጃንዋሪ 1893 በአመዛኙ ከውጭ አገር ተወላጆች የተውጣጣ አነስተኛ ኮሚቴ በንግሥት ሊሊዑኦካላኒ ላይ ተነሣ፤ የአሜሪካው ልዑክ ጆን ስቲቨንስም ቦስተን ከተባለችው የጦር መርከብ 162 የባሕር ኃይል ወታደሮችን በሆኖሉሉ አሰማራ። ንግሥቲቱ ደም እንዳይፈስ ስትል ለአሜሪካ ኃይል እንጂ ለኮሚቴው እጅ እንደማትሰጥ በጽሑፍ ገልጻ ከዙፋኗ ወረደች። እርግጥ ነው፣ የአመፁ መነሻ ንግሥቲቱ አዲስ ሕገ መንግሥት ለማወጅ ማሰቧ ነው የሚሉ አሉ። ለመሆኑ ልትሽረው የነበረው የ1887ቱ ሕገ መንግሥት እንዴት የወጣ ነበር? በታጠቁ ሰዎች ዛቻ ወንድሟ ንጉሥ ካላካዋ እንዲፈርመው የተገደደው፣ የአብዛኛውን ተወላጅ የመምረጥ መብት የገፈፈው ሕግ አይደለምን? ሰበብ ፈላጊ ሰበብ አያጣም፤ እኔ ግን የሃዋይን ዙፋን የጣለው በፓውንድ የሁለት ሳንቲም ልዩነት ነው ባይ ነኝ።

«ሃዋይ ፈቅዳ ነው የተቀላቀለችው» የሚለው የማኪንሌይ ጠበቆች ክርክር ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረው እዚህ ላይ ነው። የፈቀደው ማን ነው? በሳንፎርድ ዶል የሚመራው፣ ንግሥቲቱን ያወረደው ቡድን ራሱ ነው፤ ጠላፊው በተጠላፊዋ ፈንታ «እሺ» እንደ ማለት ነው። ከማኪንሌይ በፊት የነበረው ፕሬዝዳንት ክሊቭላንድ የመጀመሪያውን የመቀላቀል ውል ከሴኔት መልሶ ወስዶ ጉዳዩን አስመረመረ፤ ማኪንሌይ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን በ1897 አዲስ ውል ተፈረመ። ተወላጆቹ ፈቃዳቸውን አልደበቁም፦ ቁጥራቸው ከነቅይጦቻቸው 40 ሺህ በማይሞላበት አገር ከ21 ሺህ በላይ ሰዎች የተቃውሞ ፊርማ አሰባስበው ወደ ዋሽንግተን ላኩ። ውሉ በሴኔት የሚያስፈልገውን የሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ማግኘት ሲሳነው መንገዱ ተቀየረ፤ ተራ አብላጫ ድምፅ ብቻ በሚጠይቅ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ውሳኔ ማኪንሌይ ጁላይ 7 ቀን 1898 ፈርሞ ደሴቶቹን ጠቀለለ። ለሃዋይ ሕዝብ «ትፈልጋላችሁ ወይ?» የሚል ድምፅ መስጫ አልቀረበለትም። ሰነዱ «ግዛት ማስፋፋት» ብሎ የሚያቆለጳጵሰው ይህንን ነው።

ስለ ፊሊፒንስ ብዙ አልልም። ማኒላን ከስፔን ነፃ አወጣ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት በዲሴምበር 1898 በፓሪስ ውል ደሴቶቹን በ20 ሚሊዮን ዶላር ተረከበ፤ ነፃነታቸውን ያወጁት ፊሊፒናውያን የላኩት መልእክተኛ ፌሊፔ አጎንሲዮ ግን በድርድሩ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር እንኳ አልተሰጠውም። ሁለት ወር ሳይሞላ በተነሣው ጦርነት ከ4 ሺህ በላይ አሜሪካውያንና እስከ 200 ሺህ የሚገመቱ ሲቪል ፊሊፒናውያን በጥይት፣ በረኀብና በበሽታ አለቁ። ስፔንን ድል መንሣት የሚያስመሰግን ጀግንነት ከሆነ የዚህኛው ጦርነት ሒሳብ ለማን ይመዘገብ?

የአሜሪካ ኢኮኖሚ በማኪንሌይ ዘመን ማገገሙን አልክድም፤ ከ1893ቱ ቀውስ በኋላ ማገገሙ የማይቀር ነበር፤ ከካናዳው ክሎንዳይክና ከደቡብ አፍሪካ የጎረፈው ወርቅም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። ምስጋናውን ጠቅልሎ ለቀረጥ መስጠት ግን ከሰውየው ከራሱ የመጨረሻ ቃል ጋር ያጋጫል። የ1890ው ሕግ በወጣ በወሩ መራጩ ፓርቲውን በምርጫ ሲደቁሰው ማኪንሌይም የኮንግረስ መቀመጫውን አጣ፤ ትምህርቱን ዘግይቶም ቢሆን ሳይቀስም አልቀረም። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1901 በቡፋሎ ባደረገው ንግግር በራስ ተከልሎ የመኖር ዘመን እንዳለፈ፣ የንግድ ጦርነት ትርፍ እንደሌለው፣ ከሌሎች አገሮች ጋር የሚያስፈልገውም የመሰጣጠት ውል እንደሆነ ተናገረ። በማግሥቱ በጥይት ተመታ፤ ከስምንት ቀን በኋላም ሞተ። ዛሬ በስሙ ቀረጥ የሚጭኑት ሰዎች የ1890ውን ማኪንሌይ ይዘው የ1901ዱን ጥለውታል።