ጣሳ እህል ይዛችሁ ኑ፦ ይቀጥል ወይስ ይቅር?

ጥቅምት 6 የዓለም የምግብ ቀን ነው። ጎንደር ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በዚያ ቀን ከየቤታቸው አንድ አንድ ጣሳ እህል ያመጣሉ። ስለ ዓለም ረሃብ ይማራሉ። ከዚያ ቲሸርት ለብሰው ከፒያሳ እስከ ፋሲል መዋኛ በሰልፍ ይሄዳሉ። ዘንድሮ በወላጆች ስብሰባ ላይ «ይቅርብን» የሚል ድምፅ ተነሳ። ሁለት ሰዎች በጽሑፍ እንዲከራከሩበት ጠየቅናቸው። አንዱ ዝግጅቱን የሚያስተባብረው የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር ነው። ሌላዋ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው እዚያው ይማራል። ስማቸውን ትተን ሠፈሩ እንደሚጠራቸው «መምህር» እና «ሲስተር» ብለናቸዋል።

መምህር

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። በመጀመሪያው ዓመት ለልጆቹ «እህል አምጡ» አልን እንጂ ምን ዓይነት እህል አላልንም። ማዳበሪያው ሲሞላ ጤፉ፣ ስንዴው፣ ገብሱ፣ ሽምብራው አንድ ላይ ሆነ። አንዱ እንዲያውም ሩዝ ጨመረበት። ቅዳሜን ሙሉ ወንፊት ይዘን ተቀመጥን። ጤፉ ወረደ፣ ሽምብራው ቀረ። ስንዴና ገብሱን ግን ማን ይለየው? የጥበቃው ባለቤት በሰፌድ ትንሽ ሞከረችና «ተዉት፣ እንዲሁ ይፈጭ» ብላ ሄደች።

ሳቁብን። ግን ያን ቅዳሜ ልጆቹ የጠየቁኝን ጥያቄ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሰምቼ አላውቅም። «አንድ ሰው በቀን ስንት ጣሳ ይበላል?» «ይሄ ማዳበሪያ ለስንት ቤት ይሆናል?» የሰባተኛ ክፍል ልጅ ራሱ ማካፈል ጀመረ። መጽሐፉ ላይ ቁጥር ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ላይ ወደ 673 ሚሊዮን ሰው ተርቦ ነበር ብዬ ሰሌዳ ላይ ብጽፍ ይገለብጡታል፣ በፈተና ይመልሱታል፣ አለቀ። ጣሳዋን ግን በእጃቸው ያውቋታል።

ሌላ አገር ይህ የተለመደ ነው። የአሜሪካ ልጆች ከ1950 ጀምሮ በጥቅምት መጨረሻ በሚያከብሩት በዓል በየቤቱ እየዞሩ በካርቶን ሣጥን ለዩኒሴፍ ሳንቲም ይሰበስባሉ። ሩዝ፣ አኩሪ አተር፣ የደረቀ አትክልትና ቫይታሚን እየመጠኑ በላስቲክ የሚያሽጉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ከ2007 ወዲህ ደግሞ «ፍሪ ራይስ» የሚባል ጨዋታ አለ፤ አንድ ጥያቄ በትክክል ሲመለስ ጥቂት ፍሬ ሩዝ ይለገሳል። ይህ ሁሉ ቀን በእነሱ አቆጣጠር ነው።

እኛስ? ሐምሌ 1977 ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ስለ እኛ ረሃብ ላይቭ ኤይድ በሚባል ኮንሰርት ተዘፈነ። ፎቷችን ዓለምን ዞረ። ያንን አልነቅፍም፤ የተራበ ጎርሶበታል። ግን የእኔ ተማሪ ስለ ረሃብ ሲሰማ ሁልጊዜ ራሱን ከተቀባዩ ጎን ነው የሚያገኘው። አንድ ቀን እንኳ ከሰጪው ጎን ይቁም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ብለን ያደግን ሰዎች ነን።

ሲስተር

መምህር፣ አንተ እያልኩ ብጽፍ ቅር አይበልህ። ሠፈራችን አንድ ነው፤ የኩፍኝ ክትባትህን የወጋሁህም እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ሐሳብህ ክፉ ነው አላልኩም። ያየሁትን ግን ልንገርህ። አምና በዚያ ቀን የልጅ ልጄ ጣሳውን ቤት ረስቶ ሄደ። ይዤለት ሄድኩ። የክፍል አለቃው በሩ ላይ ወንበር ስቦ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ የስም ዝርዝር። ያመጣ ምልክት ይደረግለታል፣ ያላመጣ ስሙ ይከበባል። ከፊቴ አንዲት ልጅ ነበረች። ጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። አለቃው ፈታና አየው። ቆሎ ነው፤ ግማሽ ጣሳ ቢሆን ነው። «ቆሎ አይቆጠርም፣ ጥሬ ነው የተባለው» አላት። መልሳ ቋጠረችው። ስድስት ሰዓት ላይ የልጅ ልጄን ልወስድ ስመለስ ያንኑ ቆሎ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ትቆረጥማለች። ለካ ምሳዋን ነበር ያመጣችው።

የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። አንተ ረሃብን ሌላ ቦታ አስቀምጠህ ትጀምራለህ። እኔ ዕድሜዬን የሕፃናት ክንድ ስለካ ነው የኖርኩት። ባለ ቀለም ሜትር ነው፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን ግራ ክንድ ላይ ይጠመጠማል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። እናቱ «ደህና ነው፣ ይጫወታል» ያለችው ሕፃን ስንቴ ቢጫው ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ! እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በእኛ ክልል 46 በመቶ። ያኔ የተለኩት ሕፃናት እኩዮች ዛሬ የት ያሉ ይመስልሃል? አንተ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ስማቸው ይከበባል።

ደግሞ ጣሳ ስንሞላ ረሃብ ይጠፋል ብለው እንዳያድጉ። በ1965 እና በ66 ወሎ ላይ ሕዝብ ሲያልቅ ከዚያው ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና አስመራ ይወጣ ነበር። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ያንን ረሃብ አጥንቶ ሰዉ ያለቀው መግዣ አጥቶ ነው አለ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የመጣው ክፉ ቀንስ? ከብቱን በሽታ ፈጀው፣ በሬ ጠፋ፣ መሬቱ ጦሙን አደረ። ያኔ ገበሬው ጣሳ ከሚሰጠው ይልቅ በሬ የሚያውሰው ነበር የሚሻው።

የመጀመሪያውን ዓመት እህል የት ላካችሁት? ደባርቅ። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በአይሱዙ፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ። መንገዱ ላይ ያለው ወገራ እኮ ራሱ እህል ሻጭ ነው! ብሩን ብትልኩ እዚያው ተገዝቶ የመኪናው ኪራይ ይተርፍ ነበር።

ቀኑንም ተወው። ጥቅምት 6 የተመረጠው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1945 በዚያ ቀን ስለተመሠረተ ነው። ለእነሱ ደግ ቀን ነው። እዚህ ግን ጥቅምት ላይ የደንቢያ ጤፍ ገና ማሳ ላይ ነው፤ የአምናው ደግሞ ከጎተራው ሥር ተጠርጓል። ቅዳሜ ገበያ ሄደህ እይ። በኩንታል ይገዛ የነበረው ሰው በጣሳ ይገዛል። አንተ ከዚያች ጣሳ ላይ ጣሳ ትጠይቃለህ።

መምህር

ሲስተር፣ የቆሎዋን ነገር አላውቅም ነበር። ሁለት ቀን ከራሴ አልወጣም አለ። የስም ዝርዝሩ ዛሬውኑ ቀርቷል። ከእንግዲህ ማዳበሪያው ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጣል። ሁሉም ልጅ ቦርሳውን እንደያዘ ገብቶ ይወጣል። የጨመረውንም ያልጨመረውንም የሚያውቅ የለም።

ወገራን በተመለከተም እውነትዎን ነው። ከአምና ጀምሮ እህሉ ከከተማው አይወጣም። እዚሁ ጎንደር ተፈናቅለው ቤት ተከራይተው ለሚኖሩ ቤተሰቦች ነው የሚደርሰው።

ግን «ይቅር» የሚለውን አልቀበልም። ጎንደር እኮ የቆሎ ተማሪ ከተማ ናት። «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ በር ላይ ሲሰማ ቤት ውስጥ ማን ነው የሚላከው? ልጅ ነው። እናት እንጀራውን ወይም እፍኝ ጥሬውን ትሰጣታለች፣ ልጅቷ ሮጣ ታቀብላለች። ይህ ከዓለም የምግብ ቀን በፊት የነበረ ትምህርት ነው። አሁን ብዙው ልጅ ግቢ ውስጥ በሩ ተዘግቶበት ያድጋል፤ የሚልከውም የለም። እኔ ያንን መላክ ነው ወደ ክፍል ያስገባሁት።

ምክንያቱንም ይማሩ ያሉት ልክ ነው፤ አማርትያ ሴንን ራሴ አስተምረዋለሁ። በ2015 ሰኔ የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ እርዳታ ማደል ያቆመው ለምን ነበር? እህሉ ለተረጂው ሳይደርስ ሌላ ቦታ ስለተገኘ። ያን ጊዜ ስንት ሰው መንገድ መንገድ ሲያይ ከረመ! ስለዚህ የእኔ ልጆች ጣሳ ጨምረው ዞር አይሉም። ይመዝናሉ፣ ይጽፋሉ፣ ከእህሉ ጋር እስከ በሩ ይሄዳሉ። «የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅን ከ13 ዓመቱ የለመደ ሰው 40 ሲሞላው ዝም አይልም።

በቀኑ ግን ተረታሁ። አስቤው አላውቅም ነበር፤ ከካላንደር ላይ ነው የገለበጥኩት። የካቲት ይሁን። ያኔ ተወቅቶ ገብቷል፣ ዋጋም ረገብ ይላል።

ሲስተር

የካቲት ጥሩ ነው ልልህ ነበር። ከዚያ አሰብኩት። የካቲት ላይ ሰጪው አለው፤ ተቀባዩም ትንሽ አለው። ሰው የሚጎዳው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ዝናቡ ነው፣ ቀን ሥራ የለም፣ ቢጫውና ቀዩ የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። ሐምሌ ላይ ደግሞ ትምህርት ቤትህ ዝግ ነው። ምሳ የሚያበሉት ትምህርት ቤቶች እንኳ ያቆማሉ፤ በጣም በሚያስፈልግበት ወር። ታዲያ እህሉን ከየካቲት እስከ ሐምሌ ማን ያኖረዋል? ነቀዝ በአምስት ወር ዱቄት ያደርገዋል።

ሌላው ቲሸርቱ ነው። ለአንድ ቀን ሰልፍ ለስንት ልጅ ታተመ? በዚያ ብር ስንት ኩንታል ይገዛ እንደነበር ለተማሪዎችህ የሂሳብ ጥያቄ አድርገህ ስጣቸው። ከፋሲል መዋኛ ፊት ቆሞ ፎቶ መነሣትም አለ። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ተብለን ነው ያደግነው። እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል።

መምህር

የነቀዙን ነገር ደንቢያ ላለችው እናቴ ደወልኩላት። ሳቀችብኝ። «ጤፍን ነቀዝ አይነካውም፤ ሽምብራውንም ጤፍ ውስጥ ቀላቅለህ አኑረው። ስትፈልግ በወንፊት ትለየዋለህ» አለችኝ። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ በሽምብራው መሐል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል፤ ነቀዙ መላወሻ ያጣል። ሲስተር፣ ያን ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቁጭ ብለን የለየነው እኮ ይኸው ቅልቅል ነበር!

ስለዚህ ከእንግዲህ ጤፍና ሽምብራ ብቻ። ገብስ የለም፣ ሩዝም የለም። አንድ መጋዘን ክፍል አለን፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ማዳበሪያው መሬት እንዳይነካ እንጨት እንረበርብበታለን። የቀረን ቁልፉ ነው። ሐምሌ ላይ እኔ ለክረምት ኮርስ እወጣለሁ፤ ርዕሰ መምህሩም ከተማ አይገኝ ይሆናል።

ሲስተር

እናትህ ያወቀችውን እኔ መርሳቴ አሳፈረኝ። የእኔም እናት እንዲሁ ነበር የምታደርገው።

ቤቴ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ነው፤ ክረምትም የትም አልሄድም። ቁልፉን እይዛለሁ። ሁለት ነገር ግን እፈልጋለሁ። የሚሰጠው ጤና ጣቢያው ክንዳቸውን ለክቶ ቢጫ ላይ ያገኛቸው ሕፃናት ላሉበት ቤት ይሁን፤ ቀዩ ሕክምና ነው የሚያሻው፣ የእኛ ጣሳ አይበቃውም። ሁለተኛ፣ ቆሎ ይዛ የመጣች ልጅ ካለች ቆሎዋ ይቆጠር።

ሰልፉ ግን ይቅር።

መምህር

ቲሸርቱ ይቅር። ሰልፉ አይቀርም፣ ሲስተር። ልጆቹ የሚወዱት እሱን ነው።