ለክቡር አፕዴት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳይጠሩ መምጣትዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከረሙ? እኔማ እንደሚያውቁኝ ነኝ፤ ትናንት ማታም አብረን ነበርን። የማታ ጥቅል ገዝቼ አንዲት ፊልም ላወርድ ስል ቀድመውኝ ጥቅሉን ጥርግ አድርገው በሉት። ጠዋት ስልኬን ብከፍት «አዲስ ሆኛለሁ!» ይለኛል። ምኑ እንደታደሰ ባጣራ፣ የሰዓቱ ቁጥር ወፈር ብሏል፤ ካሜራው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሯል፤ ባትሪው ግን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይሞታል። ወዲያው እናቴ የራሷን ስልክ ይዛ መጣች። «ልጄ፣ አረንጓዴዋን የት አደረሷት?» አረንጓዴዋ መደወያዋ ናት። ሰማያዊ አድርገውባታል።

ጠላትዎ አይደለሁም። ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ ሊደፍኑ ከመጡ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ነው የምቀበልዎ። የኔ ጠብ ቀዳዳ እደፍናለሁ ብለው ገብተው ሳሎኑን አዟዙረው ከመሄድዎ ጋር ነው።

አንድ ነገር ግን ልመስክር። እዚህ ጎንደር ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶብን በነበረ ጊዜ ስልኬ አንድም ቀን አልተበላሸም። (ኔት ይጥፋ ማለቴ አይደለም፤ አደራ፣ የሚሰማ እንዳይሰማን።)

አይፎን የያዙ ወዳጆቼ «እኛን አይነካንም» ይላሉ። ፒያሳ ማኪያቶ ሲያዙ ስልኩን ጀርባውን ወደ ሰው አዙረው የሚያስቀምጡት እነሱ ናቸው። እስኪ ይንገሯቸው! እ.ኤ.አ. በ2017 መገባደጃ አፕል ራሱ ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በእርስዎ በኩል ፍጥነታቸውን እንደቀነሰ አምኗል፤ ለደንበኛ ሳይናገር በማድረጉም ፈረንሳይ በ2020 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥታዋለች። እናቴም በአረንጓዴዋ ምክንያት ብትከስ ስንት እንደሚፈረድላት ሳስብ እውላለሁ።

በስልክ ብቻ ቢወሰኑ ምን ነበረበት? መኪና ውስጥም ገቡ። በ2024 መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ሲከለክል ጎረቤቴ ዲኤክሱን ሸጦ የቻይና ኤሌክትሪክ ገዛ። ዲኤክሷ አልነሳም ስትለው ኮፈኗን ከፍቶ፣ ካንዴላዋን በጨርቅ ወልውሎ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሰድባት ነበር፤ ትነሳለች። ስድቡም ከጥገናው ይቆጠር ነበር። በቀደም አዘዞ ክርስትና ተጠርተን ሚስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ድፎውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች፤ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አልል አለች። ጽሑፉ በቻይንኛ ነው፤ እርስዎ መሆንዎን ያወቅነው ከምትሽከረከረው ክብ ነው። ጎረቤቴ ወረደ፣ ዞረ፣ ፊቷ ቆመ። ማንን ይስደብ? ካንዴላ የላት! በባጃጅ ሄድን። ባለ ባጃጁም «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ቤንዚን እንጂ ዋይፋይ አትጠይቅም» አለው። (ቤንዚኑን ከየት እንዳገኘው አልጠየቅነውም።)

ሰው አገርም ቢሆን ያው ነዎት። ቢኤምደብሊው በ2022 በአንዳንድ አገሮች መኪናው ላይ ተገጥሞ የተሸጠን የወንበር ማሞቂያ በየወሩ የሚከፈልበት አድርጎት ነበር፤ ሰው ሲጮህበት በዓመቱ ተወው። የደባርቅ ሰው ይህን ቢሰማ ወንበሩን ጋቢ አልብሶት ይነዳ ነበር እንጂ አይከፍልም።

ወደ ጨዋታው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ቂሜ። ማራኪ ሰፈር ካለው ፕሌስቴሽን ቤት ልጆች ወረፋ ይዘው፣ አንዱ ሊቨርፑልን አንዱ አርሰናልን መርጦ፣ «የተሸነፈ ይከፍላል» ተባብለው ሊጀምሩ ሲሉ ከች ይላሉ። የቤቱ ልጅ የገዛ ስልኩን ሆትስፖት ይከፍታል፤ ስልኩ ላይም እርስዎ ነዎት። ያልተጫወተ አይሸነፍም፣ ያልተሸነፈ አይከፍልም፤ ቤቱ ከስሮ ዋለ። ፊፋ የሚባለው ጨዋታ በ2023 ስሙን ኤፍሲ ብሎ ቀየረ፤ እኛ ያው ፊፋ ነው የምንለው፣ እርስዎም ያው ነዎት።

በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ጠቅላላው 40 ኪሎባይት ነው። ዛሬ ስልኬ የሚያነሳት አንዲት የዶሮ ወጥ ፎቶ ማሪዮን ከነጠላቶቹ ብዙ ጊዜ ታጥፈዋለች። ግን ያልቅ ነበር! ካሴቱ ከፋብሪካ ከወጣ ወዲያ ማስተካከል ስለማይቻል ሠሪዎቹ ጨርሰው ነበር የሚሸጡት። እርስዎ ከመጡ ወዲህ «ኋላ ይስተካከላል» የሚባል በሽታ ገባ። ሳይበርፐንክ 2077 የተባለው ጨዋታ በ2020 መጨረሻ ሲወጣ ስህተቱ ከመብዛቱ የተነሳ የፕሌስቴሽን ሠሪው ሶኒ በሳምንቱ ከመደብሩ አንስቶ ገንዘብ መመለስ ጀመረ፤ የተመለሰውም በ2021 አጋማሽ ነው። ኋላ ግሩም ጨዋታ ሆነ፤ አልክድም። ግን ይህ ጥሬ እንጀራ ሸጦ ምጣድ ተሸክሞ ገዢው ቤት ድረስ መከተል ነው፤ ማገዶውም የገዢው!

ፊልሙንም አልማሩትም። ጆርጅ ሉካስ በ1977 ያወጣውን ስታር ዋርስ በ1997 ኮምፒውተር የሠራቸውን ፍጥረታት ሰግስጎ መልሶ ለቀቀው፤ የፊተኛውን የሚወድ ሰው ዛሬም እያሰሰ ነው። በ2019 ደግሞ ካትስ የተባለው ፊልም ሲኒማ ከገባ በኋላ፣ ሰው ትኬት ቆርጦ እያየው ሳለ የታረመ ቅጂ ተላከ። ድመት ሆና የተወነችው የጁዲ ዴንች እጅ አንድ ቦታ ላይ የሰው እጅ ሆኖ ቀርቶ ነበር፣ ከነቀለበቱ! ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሦስት የሚሉትም እርስዎው ነዎት፣ ኮት ለብሰው። የፋስት ኤንድ ፊውሪየስ ልጆች በ2001 ሲጀምሩ የዲቪዲ ማጫወቻ ነበር የሚዘረፈው፤ በ2021 በዘጠነኛው መኪናቸው ጠፈር ገባ። ፊልም የሚጭንልኝ ልጅ «አሥረኛው እንዲገባህ ዘጠኙንም ጫን» ይለኛል። ፍላሼ 16 ጊጋ ናት።

ሥራ ከፈቱ ፋሲል ግቢ ይምጡ፤ ላስጎበኝዎ። አፄ ፋሲል ግንባቸውን ሠሩ። ልጃቸው አፄ ዮሐንስ ሲነግሡ የአባታቸውን ቤት «ስሪት 2.0» ብለው ደረጃውን ወደ ጓሮ አላዞሩትም፤ አጠገቡ የራሳቸውን አቆሙ። አድያም ሰገድ ኢያሱም እንዲሁ፣ ዳዊትም፣ በካፋም፣ እቴጌ ምንትዋብም። ዩኔስኮ በ1979 የመዘገበው ሁሉንም ነው፤ «የቀድሞው ስሪት ከእንግዲህ አይደገፍም» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈበት ንጉሥ የለም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ቀዳዳ ሲደፍኑ ቀዳዳውን ብቻ እንዲደፍኑ፣ ሲመጡ በራስዎ ጥቅል እንዲመጡ፣ «አሁን» እና «ትንሽ ቆይቶ» ከሚሉት ቁልፎችዎ ጎን «ተወኝ» የሚል እንዲጨምሩልኝ፣ የእናቴንም አረንጓዴ እንዲመልሱ በትሕትና አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጎረቤቴ (መኪናዋ ስትነቃ)
ለማራኪው ፕሌስቴሽን ቤት
ለፋይል (ቦታ ከተገኘ)